ዘይቱን እኔ እቀይራለሁ፤ የተቃጠለውን ማን ይቀበለኝ?

የመኪናዬን ዘይትና ፊልትሮ የምቀይረው ራሴ ነኝ። ሥራዬ ኬሚስትሪ ማስተማር ነው፤ የምኖረው ኮንዶሚኒየም፣ የምነዳው እ.ኤ.አ. የ2006 ስሪት ኮሮላ ነው። ካርቶን አንጥፌ መኪናዬ ሥር ስገባ ያየኝ ጎረቤት ሁሉ የሚለኝ አንድ ነው፦ «እትዬ፣ ምን ቸገረዎት? ላቫጆ እያለ!»

ለቁጠባ ብዬ ቢመስላቸው አልፈርድባቸውም። ቁጠባው ግን ኢምንት ነው፤ ዘይቱን እዚያው ለገዛ ሰው የእጅ ዋጋው ትንሽ ነው። እኔን ካርቶን ላይ የሚያስተኛኝ ሌላ ነው። ሞተሬ ውስጥ ምን ገባ፣ ምንስ ያህል ገባ የሚለውን በሰው ቃል ማመን አቅቶኛል።

የእኔ ሞተር ከነፊልትሮው የሚይዘው 3.7 ሊትር ነው፤ የሚሸጠው ጣሳ ደግሞ 4 ሊትር። ላቫጆ ውስጥ ለክቶ የሚያቆም ልጅ አላጋጠመኝም። ጣሳው ተገልብጦ እስኪንጠባጠብ ይጨመራል፤ «የከፈሉበት ነው፣ ለምን ይቀራል?» ይሉኛል፣ ያውም በቅንነት። ያቺ ትርፍ ብቻዋን ሞተር አትገድልም። ነገር ግን ሰልፍ አለ፣ ይቸኩላሉ፤ አሮጌው ዘይት ሳይንጠፈጠፍ ቡሎኑ ይታሰራል፤ በቀረው ላይ ሙሉው ጣሳ ይደረብበታል። ከልክ ያለፈውን ዘይት ክራንክሻፍቱ እየመታ አረፋ ያደርገዋል፤ አረፋ ደግሞ ብረትን ከብረት አያድንም።

ፊልትሮማ አይነሣ! ከሥር የተሰወረ ነገር በጨርቅ ሲወለወል አዲስ ይመስላል። አንድ ላቫጆ «ቀይረነዋል» ብሎ ባስከፈለኝ ፊልትሮ ላይ፣ ከዚያ በፊት በማርከር የጻፍኩት ኪሎ ሜትር ቁልጭ ብሎ ይነበብ ነበር።

ይህ ሁሉ የቀበጠች አስተማሪ ጭንቀት የሚመስለው ካለ አንድ ነገር ላስታውሰው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። ውሳኔውን መደገፍም መንቀፍም ይቻላል፤ ለእኔ ግን ያለኝ ሞተር ይኸው ነው፤ ይህ ሲያልቅ ሌላ ቤንዚን መኪና አስመጣለሁ የሚባል ነገር የለም። ኤሌክትሪኩን ለመግዛት ደግሞ የአስተማሪ ደመወዝ ገና ብዙ መንገድ ይቀረዋል።

ሥራው ራሱ አይከብድም። ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አስነሥቶ ለብ ማድረግ፣ ለጥ ባለ ቦታ ማቆም፣ የእጅ ፍሬን መያዝ፣ የኋላ ጎማዎች ላይ ታኮ ማድረግ። እዚህ ላይ ግን ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ፦ በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር አይገባም። ብሎኬት ደርድረው የሚገቡም አሉ፤ ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፣ ሲፈርስ አያስጠነቅቅም። የብረት መቆሚያ የሌለው ሰው እስካሁን የጻፍኩትን ረስቶ ላቫጆ ይሂድ።

የማፍሰሻውን ቡሎን የእኔ መኪና ላይ የሚፈታው የ14 ቁጥር መፍቻ ነው። ዘይቱ ወደ ሳፋ ሲወርድ መጀመሪያ በጅረት፣ ኋላ በጠብታ ነው፤ ጠብታውን መታገሥ ነው እንግዲህ ከላቫጆው የሚለየኝ። ሮንዴላው በአዲስ ይተካል፤ ቡሎኑ በልክ ይጠብቃል። መፍቻውን በቱቦ አስረዝሞ በሙሉ ጉልበት መጫን ጥርሱን ያስበላል። አሮጌው ፊልትሮ ሲወጣ የጎማ ቀለበቱ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ እንዳልቀረ በጣት ይዳሰሳል፤ ሁለት ቀለበት ከተደራረበ ሞተሩ ሲነሣ ዘይቱን መሬት ላይ ይተፋዋል። የአዲሱን ቀለበት ዘይት ቀብቶ በእጅ ማዞር፤ ቀለበቱ ብረቱን ከነካ በኋላ ሦስት አራተኛ ዙር ይበቃዋል። አዲሱን ዘይት የማስገባው ቂጡን በቆረጥኩት የሃይላንድ ጠርሙስ ነው፤ ጨምሬ፣ አስነሥቼ፣ ቀዩ መብራት መጥፋቱን አይቼ፣ አጥፍቼ፣ ጥቂት ቆይቼ በመለኪያው አያለሁ።

ከሥራው ይልቅ የሚከብደው ወሬው ነው። «ዘይቱ ጠቁሯል፣ ሞቷል» የሚለው ፍርድ በየማደያው ይሰማል። የሞተር ዘይት የሚጠቁረው ሥራውን ስለሚሠራ ነው፤ ውስጡ ያለው ማጽጃ ንጥረ ነገር ጥላሸቱን ከብረቱ ላይ አንሥቶ ይሸከመዋል። እንዲያውም ከብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ማር የመሰለ ዘይት ባይ የምጠራጠረው ያኔ ነው። «መኪናሽ አሮጌ ናት፣ ወፍራሙን አድርጊ» የሚለኝ የሶማሌ ተራ ነጋዴም አለ። መጽሐፏ 5ደብሊው-30 ይላል፤ 20ደብሊው-50 ጠዋት በቅዝቃዜ ሲነሣ ወደ ላይኛው የሞተሩ ክፍል ለመድረስ ይዘገያል። ጊዜውን በተመለከተ እኔ 5,000 ኪሎ ሜትር ላይ እቀይራለሁ፤ አቧራ፣ አጭር ጉዞና ሞተሩ እየሠራ ቆሞ መዋል የመኪና አምራቾች ከባድ አጠቃቀም የሚሉት ነውና። የመገናኛን የሥራ መውጫ ሰዓት የሚያውቅ አይከራከረኝም።

ባዶውን ጣሳ ደግሞ ሳልበሳ ለቆራሌው አልሰጥም። የታወቀ ማርክ ያለበት ደህና ጣሳ ሌላ ነገር ተሞልቶ ተመልሶ እንዲሸጥልኝ አልሻም።

እስካሁን የተናገርኩት ቀላሉን ነው። ከባዱ ሳፋው ውስጥ የቀረው ጥቁር ዘይት ነው። ይህን የሚያስቀምጥበት የሌለው ሰው ዘይት በቤቱ ባይቀይር ይሻላል፤ በዚህ ከማንም ጋር አልደራደርም። ከሞተሩ የተፋቀ ብረት፣ ያልተቃጠለ ነዳጅና ጥላሸት አለበት። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም ከአንድ የዘይት ቅየራ የሚወጣው ብቻ 1 ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውኃ ሊበክል እንደሚችል ይናገራል። በእኛ ሰፈር ቦይ ውስጥ የተደፋ ዘይት ደግሞ አድራሻው ይታወቃል፦ አቃቂ ወንዝ፣ ከዚያ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ አዋሽ። በአቃቂ ውኃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ ገዝተን የምንበላውም እኛው ነን።

አዲስ አበባ በ2017 ዓ.ም. ወንዝ የሚበክልን የሚቀጣ ደንብ አውጥታለች። እሰየው። ግን አራት ሊትር ያህል የተቃጠለ ዘይት በጀሪካን ይዛ የቆመች ሴት ወዴት ትሂድ? እኔ ለማውቀው ጋራዥ እሰጣለሁ፤ እነሱ በበርሜል አጠራቅመው ይሸጡታል። ከዚያ ወዲያ ግማሹ ምስጥ እንዳይበላው የአጥር እንጨት ይቀባበታል፤ ይህም ቢሆን ቀስ ብሎ አፈር ውስጥ መግባቱ አይቀርም። ጋራዥ የማያውቀው ጎረቤቴ ምን እንደሚያደርግ አልጠየቅሁትም፤ መልሱን ፈርቼ ነው።

እህቴ ጀርመን ትኖራለች። እዚያ ሕጉ ዘይት ለሸማች የሚሸጠውን ሰው የሸጠውን ያህል የተቃጠለ ዘይት በነፃ እንዲቀበል ያስገድደዋል፤ እሷም ደረሰኟን አስቀምጣ ይዛ ትሄዳለች። ይህን ከእኛ አገር ጋር ለማስማማት አዲስ ተቋም፣ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። ዘይት መሸጥ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የፈቃዱ አንዱ ግዴታ መቀበል ይሁን። ማደያዎች በየመደርደሪያቸው የማርክ ዓይነት ደርድረዋል፤ ከጎኑ አንድ ክዳን ያለው በርሜል ማስቀመጥ አያከስራቸውም። የተጠራቀመ ዘይት ገዢ አለውና ዋጋውም የእነሱ ይሁን። በርሜሉ ላይ ግን በትልቁ ይጻፍበት፦ ውኃ፣ ቤንዚንና የፍሬን ዘይት የተቀላቀለበት አንቀበልም፤ የተቀላቀለ ዘይት ተጣርቶ ዳግም ለመዋል ያስቸግራልና።

የላቫጆ ልጆች እንጀራ ይጎድልባቸዋል የሚለኝ ባልደረባ አለኝ። አይጎድልባቸውም፤ ካርቶን ላይ ለመተኛት የሚፈቅድ አሽከርካሪ ከመቶ ስንት ቢገኝ ነው? ለቀሪው ሁሉ እነሱ አሉ። ከእነሱ የምጠይቀው 3.7 የሚለውን መስመር የሚያሳይ አንድ መለኪያ ጆግ ብቻ ነው።