ቅኔ እሑድ ተወልዶ ሰኞ አይሙት

ከሞጣ ወደ ቤጌምድር የሚያሻግረው፥ ሰባራ ድልድይ የሚባለው የዓባይ ድልድይ በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ ነው። በፋሺስት ወረራ ዘመን አንዱ ቅስቱ ፈረሰ። ወዲህና ወዲያ ያለው ግንብ ጸንቶ ሳለ መካከሉ ስለ ጎደለ ብቻ መንገደኛው ለብዙ ዘመን በገመድ እየተሳበ ተሻገረ። የሞጣና የቢቸና የቅኔ ቤትም ነገር ይህንኑ ይመስላል። በአንደኛው ማዶ ቅኔ የሚያፈልቅ ሊቅ አለ፤ በሁለተኛው ማዶ ማንበብ የሚወድ የከተማ ሰው አለ፤ መካከሉ ግን ሰባራ ነው።

የቅኔ ተማሪ አቆፋዳውን አንግቶ ቁራሽ ለምኖ ይመጣል፤ በየጥሻው ተቀምጦ ይቈጥራል፤ የቈጠረውንም ለአስነጋሪው ይነግራል። አስነጋሪው ሰሙ ከወርቁ ያልገጠመውን ይጥላል፥ ቤቱ የጐደለውን ያቃናል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ እስኪደርስ ድረስ ፈተናው አያቋርጥም። በበዓሉና በሰንበቱ መምህሩ አዲስ ቅኔ ይዘርፋል፤ ሊቃውንቱም ያደንቃሉ ወይም ይነቅፋሉ። እንግዲህ ደራሲው፥ አራሚው፥ ሐያሲውና ሰሚው በአንድ ቅጽር ውስጥ ሳሉ ምን ጐደለ ቢሉ፥ ጸሓፊው ጐደለ። ስለዚህ እሑድ የተወለደው ቅኔ ሰኞ ይሞታል፤ ቢተርፍም የባለቤቱ ስም ተፍቆ ይተርፋል።

አንዳንድ ሊቃውንት ይህን ጉድለት እንደ ክብር ቈጥረው ይከራከራሉ። «ቅኔ ለዕለቱ ነው፤ አይደገምም፤ ቢጻፍ ሰነፍ ተማሪ ያጠናውና የእኔ ነው ይላል» ይላሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም፤ ፍርዳቸው ግን የተገለበጠ ነው። የሰው ቅኔ የሚሰርቅ ሰው የሚጠቀመው ባልተጻፈበት አገር ነውና። ምስክር በሌለበት ሌባና ባለቤት እኩል ይምላሉ፤ ቅኔው ከነስሙና ከነዕለቱ የተጻፈ እንደሆነ ግን ሌባው ወዲያው ይታወቃል። ቅኔ አይደገምም የሚለው ሕግ የሚጠበቀው በመርሳት ሳይሆን በማስታወስ ነው።

ጽሕፈት ቃልን ያደርቃል ለሚሉም መልሱ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳይርቁ ይገኛል። የዜማው ምልክት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ተደነገገ ሊቃውንቱ ራሳቸው ይተርካሉ። በዚያ ምክንያት ድጓ የዘነጋ፥ ጉሮሮው የተዘጋ መሪጌታ ማን ነው? ምልክቱ ዜማውን አጸናው እንጂ አልገደለውም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1918 ዓ.ም. የቀደምትና የኋለኞች ሊቃውንትን ቅኔ ሰብስበው ባያሳትሙ፥ መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀምበሬም በ1963 ዓ.ም. ዝክረ ሊቃውንትን ባያወጡ፥ ዛሬ የሚጠቀሰው ብዙው ቅኔ በማን አፍ ይገኝ ነበር? ነገር ግን እነዚህ በትውልድ አንድ ጊዜ የሚሰበሰቡ መከሮች ናቸው፤ በየሳምንቱ ለሚረግፈው ፍሬ በየሳምንቱ ለቃሚ ያስፈልገዋል።

በሌላው ወገን ደግሞ የተማረው የከተማ ሰው አለ። እርሱ ሥነ ጽሑፍ ማለት ከባሕር ማዶ የመጣ ነገር ይመስለዋል፤ ቅኔንም የሽማግሌ ጨዋታ ያደርገዋል። የሚያደንቃት አሜሪካ ግን እንዴት እንደ ጀመረች ቢመረምር ያፍር ነበር። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1820 ሲድኒ ስሚዝ የሚባል እንግሊዛዊ ካህን «የአሜሪካን መጽሐፍ የሚያነብ ማን ነው?» የሚል ነገር ጽፎ ተሳለቀባት። አሜሪካውያንም በቊጣ ብቻ አልመለሱለትም፤ በመጽሔት መለሱለት። በቦስተን በ1815 የተጀመረውን ኖርዝ አሜሪካን ሪቪው አጸኑ፤ በዚያችው ከተማ በ1857 አትላንቲክን አቋቋሙ፥ ባለቅኔውን ጄምስ ረስል ሎዌልንም የመጀመሪያ አዘጋጅ አደረጉት። ኤድጋር አለን ፖ በሪችመንድ መጽሔት ላይ ደካማውን መጽሐፍ ያለ ርኅራኄ ይነቅፍ ነበር፤ ሥራው ከአስነጋሪው ሥራ ምን ይለያል?

ይህ ሲባል እነርሱን በሁሉ መምሰል ይገባል ማለት አይደለም። በ1850 በኒው ዮርክ የተጀመረው ሃርፐርስ ገጹን በአብዛኛው በእንግሊዝ ደራስያን ሥራ ሞልቶ ነበር፤ የባዕድ ደራሲን መብት የሚጠብቅ ሕግ በአገሪቱ የወጣው ገና በ1891 ነውና፥ የራሷ ደራሲ ከነጻ ዕቃ ጋራ ይወዳደር ነበር። ደግሞም ኤሚሊ ዲኪንሰን የምትባል ሴት በ1862 አራት ግጥሞች ለአትላንቲክ ጸሓፊ ለሂጊንሰን ላከች፤ እርሱ ግን ማሳተሙን እንድታዘገይ መከራት። በ1886 በሞተች ጊዜ ወደ 1,800 የሚጠጉ ግጥሞች በቤቷ ተገኙ፤ የመጀመሪያው መጽሐፏም በ1890 ታተመ። አስተውሉ! የመጽሔቱ ሰው ቢዘገይ እንኳ ወረቀቱ ጠበቃት፤ በገዛ እጇ ጽፋ በክር ሰፍታ አስቀምጣው ነበርና። በሞጣ ገጠር ያለ መምህር ቢሞት ግን ከሣጥኑ ምን ይገኛል?

የቃል ትምህርት ከማተሚያ ቤት ጋራ እንደማይጣላ ምስክሩ ከዚያው ከምሥራቅ ጎጃም አለ። ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረው በ1958 ዓ.ም. ፍቅር እስከ መቃብርን አሳተሙ። አንባቢውም የቅኔ ቤቱን ምግብ በወረቀት ተመገበ።

እንግዲህ የሚሠራው ሥራ ግልጥ ነው። በየቅኔ ቤቱ አንድ ጽሕፈቱ የቀና ተማሪ ይመደብ፤ የተዘረፈውን ቅኔ ከባለቤቱ ስም፥ ከዕለቱና ከበዓሉ ጋራ ይመዝግብ፤ ሰሙንና ወርቁን ከራሱ ከመምህሩ አፍ ጠይቆ ይጻፍ። ዛሬ የከተማው ልጅ ድምፅ በሚቀርጽ ስልክ ይመካል፤ ወርቁ ያልተፈታ ድምፅ ግን ቍልፉ የጠፋ ሣጥን ነው። ጋዜጦችም በየሳምንቱ አንድ ቅኔ ከነነቀፋው ያውጡ፤ ውዳሴ ብቻ ከሆነ ማንንም አያሳድግምና። የከተማው ባለጸጋ ደግሞ ለወረቀቱና ለተማሪው ቀለብ እጁን ይዘርጋ።

መክሊቱን የቀበረው አገልጋይ ጠፋብኝ አላለም፤ ጠበቅሁት ብሎ መከራከሩን ግን ጌታው አልተቀበለውም። ቅኔን በልብ ቀብሮ ጠበቅሁ የሚል ሊቅ፥ ሳይሰማም የሚንቅ የከተማ ሰው፥ ሁለቱም በአንድ ክስ ይጠየቃሉ። የዓባይ ማዶና ማዶ ያለው ግንብ አልወደቀም፤ የሚቀረው መካከሉን መገንባት ነው።