ምስሉ ሲጠፋ ትምህርቱም ይጥፋ?

በ1997 ዓ.ም. ገደማ የፕላዝማ ትምህርት በሳተላይት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ፣ ምስሉ በጠፋ ቁጥር «ቴክኒሻን ጥሩልኝ» ብሎ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ መምህር አልጠፋም። ስርጭቱ ግን ማንንም አይጠብቅም ነበር፤ የሚጎዳው ተማሪው ነው።

እኛ ሠልጣኞች ከወዲሁ ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ። በቅድሚያ ጎረቤት ክፍል ይታይ። እዚያ የሚሠራ ከሆነ፣ ብልሽቱ ከእኛው ክፍል ገመድ፣ ሶኬት ወይም ከራሱ ከቴሌቪዥኑ ነው። ሁሉም ክፍል ጠፍቶ እንደሆነ መብራቱ፣ ዲሹና ሪሲቨሩ ይመርመር። ለዚህ መሐንዲስ መሆን አያሻም።

እስኪጠገንስ? ጠመኔ አለ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት እዚሁ ሐይቅ እስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርት ያፈሩት ያለ ሽቦ ነው። ታዲያ እኛን ምን ነካን?