የቡድን ውጤት ከሦስተኛው ሯጭ ይነበብ

አንድ ቡድን የግማሽ ማራቶን ውድድሩን ጨርሶ ሲመለስ የሚነሳው የአንድ ሰው ስም ነው። አንደኛ የወጣው አትሌት ፎቶው ይወጣል፣ ሰዓቱ ይነገራል፣ አሰልጣኙም በእሱ ይመሰገናል። አንደኛ ካልተገኘ ደግሞ ቡድኑ ባዶ እጁን እንደተመለሰ ይቆጠራል። እኔ በአሰልጣኝነት ሙያዬ የማምንበት ከዚህ የተለየ ነው፤ የቡድን የውድድር ቀን መነበብ ያለበት ከሦስተኛው ሯጭ ሰዓት ተነስቶ ነው። ይህን የምለው ለተሸነፈ ማጽናኛ ልፈልግ ብዬ አይደለም። በዓለም ግማሽ ማራቶን ሻምፒዮና ደንቡ ራሱ ቡድንን የሚመዝነው የሦስቱን ፈጣን አትሌቶች ሰዓት ደምሮ ነው። በአገር አቋራጭ የሚደመረው ደረጃ ነው፤ በግማሽ ማራቶን ግን እያንዳንዷ ሰከንድ ትቆጠራለች። ስለዚህ ሦስተኛው ሯጭ የሚያባክናት ሰከንድ አንደኛው ከሚያተርፋት ሰከንድ ጋር እኩል ዋጋ አላት።

እ.ኤ.አ. በ2020 ፖላንድ ግዲኒያ ላይ የተካሄደውን ሻምፒዮና እንመልከት። በወንዶች ዩጋንዳዊው ጃኮብ ኪፕሊሞ በ58 ደቂቃ ከ49 ሰከንድ አሸነፈ፤ የአገሩ ልጅ ጆሹዋ ቼፕቴጌ አራተኛ ሆነ። ቀድመው ከገቡት አራት ሯጮች ሁለቱ ዩጋንዳውያን ሆነው ሳለ አገራቸው በቡድን ሦስተኛ ወጣች፤ ሦስተኛ ሯጯ ከሁለቱ ርቆ ነበር የገባው። ኬንያ በግል አሸናፊ ሳይኖራት በ2 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ የቡድን ወርቁን ወሰደች። የእኛዎቹ አምደወርቅ ዋለልኝ፣ አንዳምላክ በልሁና ልዑል ገብረሥላሴ በ2 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ የብር ሜዳሊያ አገኙ። በወርቁና በብሩ መካከል የነበረው 15 ሰከንድ ነው። ለሦስት ሲካፈል ለአንድ ሰው 5 ሰከንድ ይደርሳል። ይህንኑ በ21 ኪሎ ሜትሩ ላይ ብናከፋፍለው በየኪሎ ሜትሩ ሩብ ሰከንድ አይሞላም። አምደወርቅ በግሉ የነሐስ ሜዳሊያ ያገኘ ጀግና ነው፤ ነገር ግን ወርቁ የሚገኘው ከሦስቱም በሚሰበሰብ ትንሽ ትንሽ ሰከንድ ነበር።

በዚያው ቀን የሴቶቹ ውድድር ሌላውን ገጽታ አሳይቷል። ኬንያዊቷ ፔሬስ ጄፕቺርቺር አሸነፈች፤ ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ መላት ቀጄታ ለጀርመን ሮጣ ሁለተኛ ወጣች። የኢትዮጵያ ልጆች የዓለምዘርፍ የኋላው፣ ዘይነባ ይመርና አባብል የሻነህ ሦስተኛ፣ አራተኛና አምስተኛ ሆነው ተከታትለው ገቡ። በየዓለምዘርፍና በአባብል መካከል የነበረው ልዩነት 22 ሰከንድ ብቻ ነው። የቡድን ወርቁም የኢትዮጵያ ሆነ፤ ኬንያን የቀደሙት ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ በሆነ ልዩነት ነው። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2018 ቫሌንሲያ ላይ ኬንያዊው ጄፍሪ ካምዎሮር ለሦስተኛ ተከታታይ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን፣ የወንዶች ቡድን ወርቁን የወሰደችው ኢትዮጵያ ነበረች። ከወንዶቹ አንድም የግል ሜዳሊያ ያገኘ አልነበረም፤ ጀማል ይመር አራተኛ፣ ጌታነህ ሞላ አምስተኛ ነበሩ። በማግስቱ የአሸናፊውን ስም ብቻ ያነበበ ሰው ኢትዮጵያ የዓለም ምርጥ የወንዶች ቡድን እንደነበራት ሳያውቅ አልፏል።

ሦስተኛው ሯጭ የሚሠራው በውድድሩ ዕለት አይደለም። ግማሽ ማራቶን ለታላላቆቹ ወንዶች አንድ ሰዓት ገደማ የሚፈጅ፣ ሰውነት ሳይዝል ሊሸከም በሚችለው የመጨረሻ ፍጥነት ጠርዝ ላይ የሚሮጥ ውድድር ነው። ከዚያ ጠርዝ ጥቂት አልፎ መጀመሪያዎቹን 5 ኪሎ ሜትሮች የከነፈ አትሌት ዕዳውን የሚከፍለው ከ15ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ነው፤ በዚያ ሰዓት በየኪሎ ሜትሩ የሚጠፋው ደግሞ መጀመሪያ ካተረፈው ይበልጣል። ብቻውን የቀረ ሯጭ ንፋሱን ብቻውን ይጋፈጣል፣ ፍጥነቱንም የሚያስተካክልበት አጠገቡ ሰው የለውም። መሪነቱን እየተቀባበሉ የሚሮጡ ሦስት ሰዎች ግን ይህን ሸክም ይከፋፈላሉ። ስለዚህ የአሰልጣኙ ዋና ሥራ አቅማቸው የተቀራረበ አትሌቶችን በአንድ ቡድን ማለማመድ፣ ፍጥነትን ከፍና ዝቅ ሳያደርጉ መያዝን ማስተማር፣ እስከ ስንተኛው ኪሎ ሜትር አብረው እንደሚቆዩና መቼ እያንዳንዱ በራሱ ጉልበት እንደሚሄድ አስቀድሞ መስማማት ነው። በውድድሩ ጠዋት አሰልጣኝ አዲስ ትምህርት የለውም። የሚታየው የወራት ሥራው ነው፤ ከሁሉ ይልቅ በግልጽ የሚታየውም በሦስተኛው ሯጭ ላይ ነው።

ሩጫ የግል ስፖርት ነው፣ የሽልማት ገንዘቡም በአብዛኛው የሚሰጠው ለግለሰብ ነው የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። የጎዳና ላይ ሩጫ ለብዙ ወጣት የቤተሰብ መተዳደሪያ ነው፤ አትሌቱ ስለራሱ ቢያስብ ማንም ሊወቅሰው አይገባም። ነገር ግን አብሮ መሮጥ የግል ውጤትን ይጎዳል የሚለው መደምደሚያ ከመረጃው ጋር አይገጥምም። እ.ኤ.አ. በ2023 ሪጋ ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና የግማሽ ማራቶን ውድድር ኬንያውያን በወንዶችም በሴቶችም ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ያለውን ደረጃ ጠቅልለው ወስደዋል። ሦስቱ ወንዶች የገቡት በ9 ሰከንድ ውስጥ ነው፤ ሦስቱ ሴቶችም በጥቂት ሰከንዶች ልዩነት ተከታትለው ነው የገቡት። የእኛ ጀማል ይመር በ59 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ አራተኛ ሲሆን ከነሐሱ የራቀው በ3 ሰከንድ ነበር። እዚያ ተቀራርበው የሮጡት ሦስቱም ኬንያውያን ሜዳሊያ ይዘው ነው የሄዱት። በቫሌንሲያም ነፃነት ጉደታ በ1 ሰዓት ከ06 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ በግሏ ስታሸንፍ የኢትዮጵያ ሴቶች የቡድን ወርቁንም አግኝተዋል። የግል ድልና የቡድን ድል አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ የጠነከረ ነው፤ የቡድን ስሌት አሰልጣኞች አንደኛ ላለማፍራታቸው መሸሸጊያ ይሆናል የሚል ነው። ስጋቱ ተገቢ ነው። ሦስት አትሌቶቹ ተቀራርበው ነገር ግን ሁሉም ከመሪዎቹ ርቀው የገቡበት አሰልጣኝ በመቀራረባቸው ሊኩራራ አይችልም። ሆኖም የሰዓት ድምር ለዚህ ዓይነቱ መሸሸጊያ ቦታ የለውም፤ ዘገምተኛ ሦስት ሰዎች ምንም ያህል ቢቀራረቡ ድምራቸው ዘገምተኛ ነው። እንዲያውም መሸሸጊያ የሚሆነው አንድ ኮከብ ነው። ተፈጥሮ ያደለችውን አንድ ልጅ ይዞ በእሱ ድል የሌሎቹን መዳከም የሚሸፍን አሰልጣኝ አይታጣም። ኮከቡ ሲጎዳ ወይም ዕድሜው ሲገፋ የክለቡ ባዶነት ይገለጣል። ሦስተኛውን ሯጭ የሚያሳድግ አሰልጣኝ ግን የነገውን አንደኛ እያዘጋጀ ነው።

አትሌቶቻችን በየማናጀሩና በየአሰልጣኙ ተበታትነው እየተለማመዱ፣ ለብሔራዊ ቡድን ለአጭር ጊዜ ተሰባስበው እንዴት ይህ ይሆናል ለሚለው መልሱ በክለቦች እጅ ነው። አብሮ መሮጥ በሻምፒዮና ዋዜማ የሚፈጠር ልማድ አይደለም፤ ወጣቱ አትሌት ክለብ ከገባበት ዓመት ጀምሮ ሊለምደው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2005 ሄልሲንኪ ላይ በሴቶች 5,000 ሜትር ከአንደኛ እስከ አራተኛ ተከታትለው የገቡት ልጆቻችን ይህ ባህል በአገራችን እንግዳ እንዳልሆነ አሳይተዋል። በትራክ ያስከበረንን በጎዳናውም ማደርጀት እንችላለን።

ስለዚህ ክለቦች ከውድድር በኋላ አሰልጣኞቻቸውን ሲገመግሙ የሦስተኛውንና የአራተኛውን ሯጭ ሰዓት ከአምናው ጋር ያስተያዩ። ፌዴሬሽኑና የውድድር አዘጋጆች ለቡድን ውጤት የሚሰጠውን ሽልማት ከፍ ያድርጉ፤ ሦስተኛው ሯጭም ድካሙ ዋጋ እንዳለው በኪሱ ይወቀው። የስፖርት ጋዜጠኞችም የአሸናፊውን ስም ሲጽፉ የቡድኑን ድምር ከሥሩ ያስፍሩ። እኛ አሰልጣኞች ደግሞ የውጤት ወረቀቱ ሲደርሰን ዓይናችን መጀመሪያ የሚያርፈው ሦስተኛ በገባልን ልጅ ሰዓት ላይ ይሁን። የሠራነውንም ያልሠራነውንም የሚነግረን እሱ ነው።