እድር ለቋሚ

እድር ሰው የሚቀጣው ባለመገኘቱ ነው። ቀብር የቀረ ይቀጣል፤ ድንኳን ሲተከል ያልታየ ይቀጣል፤ ጸሐፊው መዝገቡን ከፍቶ ስም ሲጠራ «አቤት» ያላለ ስሙ ላይ ምልክት ይደረግበታል። ወርኃዊ መዋጮ ቢዘገይ እንኳ ዳኛው ይታገሣል፤ ከቀብር መቅረትን ግን ዝም ብሎ አያልፍም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ በተነገረ ጊዜ፣ በሽታው ፊት ለፊት የተጋጠመው ከዚህ ደንብ ጋር ነበር። በዚያው ወር 30 ቀን የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅና ማስፈጸሚያው መሰባሰብን ከለከሉ፣ መጨባበጥን ከለከሉ፣ ቀብር ላይ ከ50 ሰው በላይ እንዳይገኝ አዘዙ። ሁለትና ሦስት መቶ አባወራ ላለው እድር ይህ «ሥራህን ተው» እንደ መባል ነው።

በኛ ሰፈር ጥሩምባ ነፊው እንደ ወትሮው ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ የሟችን ስም ተናገረ፤ ቀጥሎ ግን ከዚያ በፊት ከአፉ ሰምተነው የማናውቀውን ነገር ጨመረ፦ «ቀብር ቤተሰብ ብቻ ነው፤ ለቅሶ በስልክ ድረሱ!» አንድ አዛውንት ጎረቤቴ ጋቢያቸውን እንደ ደረቡ በራቸው ላይ ቆመው፣ «ጉድ እኮ ነው፤ ድሮ ካልመጣህ ይሉን ነበር፣ ዛሬ ደግሞ እንዳትመጣ» አሉ። በዚያ ሰሞን ከአስክሬን ናሙና ይወሰድ ስለነበር፣ በዕለቱ መቅበር የለመደ ቤተሰብ ውጤት እየጠበቀ ግራ ሲጋባም አይተናል። ከሐኪም ቤት የሚመላለሰው፣ መቃብር አስቆፋሪው፣ «ትንሽ ታገሡ» እያለ የሚያረጋጋው ያው የእድሩ ሰው ነበር።

ቀባሪ ማጣት ለአዲስ አበባ እንግዳ ፍርሃት አይደለም። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሲገባ ከተማዋ ሬሳዋን የሚያነሣላት እስክታጣ ደርሳለች፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። ኅዳር 12 በመጣ ቁጥር ቆሻሻ ሰብስበን የምናጤሰው ከዚያ ዘመን በቀረ ትዝታ ነው። የከተማው እድር ዛሬ በምናውቀው መልኩ የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው። በ1990ዎቹ ደግሞ ኤችአይቪ የብዙ እድሮችን ካዝና አራቁቶ ነበር፤ ሞት ሲበዛ መዋጮው አልበቃ አለ። ያን ጊዜ አንዳንዶቹ ሰው እስኪሞት ከመጠበቅ በቁሙ መርዳት ይሻላል ብለው የታመመ መጠየቅና ወላጅ አልባ ሕፃናትን መደገፍ ጀመሩ።

በኮሮናው ጊዜም ነገሩ ወደዚያው አመራ። ለቅሶ ቤት እጅ ማስታጠቢያ የነበረው ባለ ቧንቧ በርሜል ከሳሙና ጋር መንገድ ዳር ወጣ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በርሜሉን የሚሞላው ማን እንደሆነ መወሰኑ ራሱ የስብሰባ አጀንዳ ነበር፤ ስብሰባውም በስልክ። ከተማው «ማዕድ ማጋራት» ብሎ ለተቸገረ ቤት እህልና ዘይት ሲያሰባስብ፣ ለፋሲካ ለማን ይድረስ የሚለውን ለመመለስ የጸሐፊው መዝገብ ተገለጠ። ድንኳንና ብረት ድስት በገንዘብ ይገኛል፤ የእድር ትልቁ ሀብት ግን ይህ መዝገብ ይመስለኛል። የቤት ቁጥር አለው፣ የቤተሰብ ብዛት አለው። ያልተጻፈውን ደግሞ ጸሐፊው በቃሉ ያውቀዋል፦ የትኛዋ እናት ብቻዋን እንደምትኖር፣ የማን ልጅ ከአረብ አገር መላክ እንዳቋረጠ፣ ማን ተቸግሮ ሳለ ማፈሩ በልጦበት ዝም እንዳለ። ወጣቶቹ መኮሮኒና ዘይት በፌስታል ቋጥረው በሌሊት በር ላይ የሚያስቀምጡት ለዚህ ነበር።

ግን መዝገቡ ላይ የሌለስ? ተከራይ፣ የቀን ሠራተኛ፣ የቤት ሠራተኛ፣ ትናንት ከክፍለ ሀገር የመጣ ወጣት እድር የለውም። ሥራ ሲቆም ጦሙን ለማደር የመጀመሪያው እሱ ነው፤ በመዝገብ ሲታደል ግን የሚደርሰው የለም። በኛ ግቢ አንድ የግንበኛ ረዳት እህሉ ሲከፋፈል በሩ ላይ ቆሞ ያይ ነበር፤ የሰጠው ጸሐፊው ሳይሆን ጎረቤቱ ነው።

ሌላም የማላልፈው ነገር አለ። አዋጁ አምስት ወር ቆይቶ ሲያበቃ ድንኳኑም ተመልሶ ተተከለ፣ ቅጣቱም ተመለሰ፣ ንፍሮው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። በ2013 መጋቢትና ሚያዝያ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ሞልተው ኦክስጅን ብርቅ ሲሆን፣ እኛ ድንኳን ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን ነበር። መንግሥት ሲያዝ የታዘዘ እድር በራሱ ጊዜ ሊጠነቀቅ አልቻለም። በአገር ደረጃ የተመዘገበው ሟች ብቻ ከ7,500 በላይ ነው።

ዛሬ ያ ሁሉ ጥረት በኛ መተዳደሪያ ደንብ ላይ አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈለትም። «ለቋሚም የሚውል ጥቂት ብር ይመደብ» ሲባል ገንዘብ ያዡ ይቃወማሉ። የድንኳኑ ሸራ ተቀዷል፣ የቀብር ማስፈጸሚያው ከኑሮ ውድነቱ ጋር አልሄደም፣ ድሃ በክብር ለመቀበር ያጠራቀማትን አትንኩበት ይላሉ። እውነት አላቸው፤ አልከራከራቸውም። መዝገቡን ማስፋት ግን ካዝና አይነካም። የተከራዩን ስምና ስልክ፣ አስታማሚ የሌለውን ሕመምተኛ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌዎችን አንድ ደብተር ላይ ማስፈር ይቻላል። ተከራዩ አባል ይሁን ከተባለም መጀመሪያ የሚነሣው መግቢያው ነው፤ አዲስ ገቢ የነባሩን ያህል ካልከፈለ አይገባም የሚለው ደንብ የቀን ሠራተኛን የሁለትና የሦስት ወር ደመወዝ ያስከፍላል። በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ ይህ መግቢያ በየወሩ ተቆራርጦ ይከፈል የሚል ሐሳብ ላቀርብ ነው፤ ጸሐፊውም እደግፍሃለሁ ብሎኛል።