«ፍሬሽ» ማዋረድ ባህላችን አይደለም

በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ሻንጣውን ይዞ ግቢ በገባ ቁጥር ያው ትርኢት ይጀመራል። ነባሩ ዶርም ውስጥ ይሰበሰባል፤ «ፍሬሽ» አልጋ ላይ ይቆማል። ዝፈን ይባላል፤ ጨፍር ይባላል፤ ወደሌለ ቢሮ ይላካል፤ ስሙን፣ ሰፈሩን፣ የአባቱን ሥራ ጮክ ብሎ እንዲናገር ይታዘዛል። እምቢ ያለ «ፋራ» ነው፤ ያለቀሰ ደግሞ እስኪመረቅ ድረስ ስም ይወጣለታል።

እኛ የዘነበወርቅ ልጆች ይህን ሳቅ እናውቀዋለን። ከመካከላችን አንዱን በመጀመሪያው ሌሊት «ሰፈርህ የት ነው?» አሉት። «ዘነበወርቅ፣ አለርት አጠገብ» አለ። ዶርሙ በሳቅ ተናጋ። አንዱ ብድግ ብሎ ራቀ፤ ሌላው «እስቲ ጣትህን ቁጠር!» አለው። ልጁ ቆጠረ። አሥሩንም ቆጠረ። እናቱ አሥር የላትም፤ እሱን ያሳደገችው በቀሩት ነው። ይህን ለእኛ የነገረን ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ሥጋ ደዌ በ6 ወይም በ12 ወር መድኃኒት ይድናል፤ ሕክምና የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ማስተላለፉን ያቆማል። ይህን የማያውቅ ተማሪ ማንበብ ይችላል። እያወቀ የሚስቀውን ግን ምን እንበለው?

«ቀልድ ነው እኮ» ይሉናል። ቀልድ ከሆነ የሚቀለድበት ሁልጊዜ አዲሱ ብቻ ለምን ሆነ? «ያቀራርባል» ይሉናል። ሰው የሚቀርበው ሻንጣውን ሲያግዙት፣ ቤተ መጻሕፍቱን ሲያሳዩት ነው እንጂ ሲያዋርዱት አይደለም። «እኛም አልፈንበታል» ይሉናል። ይሄስ የባሰው ነው! የበደለህን ትተህ ምንም ያላደረገህን ብትበድል ካሣ አገኘህ ማለት ነው?

በእኛ ግቢ በግሪክ ፊደል የሚጠሩ የወንድማማች ማኅበራት አልተለመዱም። ልማዱ ግን የሥጋ ዘመድ ነው። አሜሪካ ውስጥ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1873 አንድ ተማሪ በማኅበር መግቢያ ሥርዓት ሌሊት ገደል ገብቶ ሞቷል፤ ከዚያ ወዲህም ሌሎች ሞተዋል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1998 አዲስ ተማሪን ማዋረድ እስከ 6 ወር የሚያሳስር ወንጀል አደረገች። እኛ ግን ሰው እስኪሞት መጠበቅ የለብንም።

አለርት የተቋቋመው በ1958 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የአዲስ አበባ ለማኞች ሾላ ካምፕ መታጎራቸውን ተቃውመው፣ ድህነት ወንጀል ነው ወይ ብለው ሰልፍ ወጡ። እነዚያ ለማያውቁት ለማኝ ክብር አደባባይ ወጡ፤ የእነሱ ወራሾች ነን የምንል እኛ አብሮን በሚበላው ልጅ እንሳለቃለን!

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። አልጋ ላይ የሚያቆም ካለ «ተው!» እንበለው። ተው ማለት ያቃተው ቢያንስ አይሳቅ፤ ሳቂ ከሌለ ትርኢቱ ይቀራል። እኛ ዘንድሮ አዲሶቹ በሚገቡበት ቀን በር ላይ ቆመን ሻንጣ እንሸከማለን። አብራችሁን ኑ።