ሳያዝዙ መምራት

ከመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የዓዲ ሓቂ ግቢ የተመረቁ ልጆች ስለ «ፕሮዳክት ማናጀር» ሥራ ሲያወሩ ትሰሙ ይሆናል። ስሙ አያሳስታችሁ። ይህ ሰው አንድ ምርት ወይም አገልግሎት ለማን፣ ለምን እንደሚሠራ የሚወስን ነው፤ ነገር ግን ፕሮግራመሩም ዲዛይነሩም ብዙ ጊዜ የእርሱ ታዛዦች አይደሉም። የሚመራቸው በማስረዳት ነው።

የመጀመሪያው ክህሎት ማዳመጥ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረውን ቴሌብርን ተመልከቱ፦ በስማርት ስልክ ብቻ ሳይወሰን *127# በመደወል በተራ ስልክም ይሠራል። በዓዲ ሓቂ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ እናት ምን ዓይነት ስልክ እንደያዘች ያልጠየቀ ሰው እርሷን ከአገልግሎቱ ያስቀራታል።

ሁለተኛው መምረጥ ነው፤ ከብዙ ጥያቄ ጥቂቱን ተቀብሎ፣ ለቀረው ምክንያቱን ነግሮ «አሁን አይሆንም» ማለት። ሦስተኛው በትንሹ ሞክሮ፣ ውጤቱን ቆጥሮ ማረም ነው።

እንግዲህ ሥራ ፈላጊው የትዳር ጓደኛችሁ ገበያ ሲውል «ምን ያዞርሃል?» አትበሉት። አሥር ነጋዴዎችን ችግራቸውን ጠይቆ በአንድ ገጽ ይጻፍ። ማታ አንብቡለት፤ ያልገባችሁንም በፍቅር ንገሩት። እናንተን ማስረዳት ከቻለ ሌላውንም ማስረዳት አያቅተውም።