የኅብረተሰብ ጤና ጽሑፍና የአርታኢው ኃላፊነት



አበው «ከአፍ የወጣ አፋፍ» የሚሉት የተነገረ ቃል መልሶ እንደማይሰበሰብ ሲያስጠነቅቁ ነው። ታትሞ የወጣ የጤና ጽሑፍ ደግሞ ከቃል የበለጠ ይርቃል። ከላቦራቶሪ ወደ ጆርናል፣ ከጆርናል ወደ መመሪያ፣ ከመመሪያ ወደ ሐኪሙ ጠረጴዛና ወደ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቦርሳ ተሸጋግሮ በመጨረሻ የታመመ ልጅ ከታቀፈች እናት ዘንድ ይደርሳል። በዚህ ረጅም ጉዞ ላይ የጽሑፉን እውነትነት የመጠበቅ ኃላፊነት በአብዛኛው የሚወድቀው በአርታኢው ላይ ነው። በሳይንስ ትምህርት ቤቶቻችን ግን አርትዖት ጥናቱ ካለቀ በኋላ የፊደል ግድፈት የሚለቀምበት አነስተኛ ሥራ ተደርጎ ይታያል። እኛ ይህን አመለካከት አንቀበለውም። የኅብረተሰብ ጤና ጽሑፍ አርትዖት የሳይንሱ አካል ነው እንላለን፤ ምክንያታችንንም ከዚህ በታች እናቀርባለን።

የአምስት ዓረፍተ ነገሮች ታሪክ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 10 ቀን 1980 «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን» የተባለው ታዋቂ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት አምስት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ያሉት አንድ ደብዳቤ አወጣ። ጸሐፊዎቹ ጄን ፖርተርና ኸርሸል ጂክ ነበሩ። በሆስፒታል ተኝተው ከታከሙ ሰዎች መካከል ሞርፊንን የመሰለ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ቢያንስ አንድ ጊዜ የወሰዱትን 11,882 ሕሙማን መዝገብ ተመልክተው፣ ቀድሞ የሱስ ታሪክ ሳይኖራቸው በሱስ መያዛቸው በአግባቡ የተመዘገበው 4 ብቻ መሆናቸውን ገለጹ። ቁጥሩ ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን ደብዳቤው ስለ መድኃኒቱ መጠን፣ ለስንት ቀን እንደተሰጠና ሕሙማኑ ወደ ቤታቸው ከተመለሱ በኋላ ስለገጠማቸው ነገር የሚለው አልነበረም። ሕሙማኑ በሆስፒታል የተኙ መሆናቸው በደብዳቤው ውስጥ ቢጠቀስም፣ በናርኮቲክ መድኃኒት በሚታከሙ ሰዎች ላይ ሱስ እምብዛም እንደማያጋጥም የሚናገረው ርእስ ይህን ገደብ አልያዘም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለማንኛውም የሳይንስ ተማሪ ትምህርት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2017 በዚያው መጽሔት የታተመ ጥናት ደብዳቤው 608 ጊዜ መጠቀሱን ቆጠረ። ከእነዚህ ጸሐፊዎች 439 ያህሉ ሱስ እምብዛም እንደማያጋጥም ማስረጃ አድርገው አቅርበውታል። 491 የሚሆኑት ደግሞ ሕሙማኑ በሆስፒታል የተኙ መሆናቸውን ጨርሶ አላነሡም። በሐኪምና በነርስ ዐይን ሥር ለነበረ ሕመምተኛ የተነገረው፣ ለወራት ክኒን ይዞ ቤቱ ለሚቀመጥ ሰው እንደተነገረ ሆኖ ተወሰደ። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2019 በአሜሪካ ከዚህ የመድኃኒት ዝርያ ጋር በተያያዘ ከመጠን ያለፈ አወሳሰድ ወደ 500,000 የሚጠጉ ሰዎች ሞተዋል። ለዚህ ሁሉ ጥፋት አንድ ደብዳቤ ብቻውን ተጠያቂ ነው አንልም፤ የኩባንያዎች የሽያጭ ቅስቀሳና የቁጥጥር ድክመት ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ሆኖም 491 ጽሑፎች በየአርታኢዎቻቸው እጅ ሲያልፉ «ይህ ቁጥር የተገኘው ከእነማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ አልፈዋል። መጽሔቱ በደብዳቤው ላይ የማስጠንቀቂያ ማስታወሻ ያከለው በ2017 ነው፤ ይኸውም ከ37 ዓመት በኋላ።

መልካሙ ምሳሌ

አንዳንዶች «ወረርሽኝ ሲመጣ ጊዜ የለም፤ አርትዖት ሥራ ያጓትታል» ይላሉ። ሥጋቱ መሠረት የለውም ባንልም ታሪክ ሌላም ነገር ያሳየናል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማእከል በየሳምንቱ የሚያወጣው የሕመምና የሞት ዘገባ እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 1981 አንድ አጭር ጽሑፍ አሳተመ። በወቅቱ የዘገባው አርታኢ ዶክተር ማይክል ግሬግ ነበሩ። ጽሑፉ በሎስ አንጀለስ ከተማ በሦስት ሆስፒታሎች በታከሙ አምስት ወጣት ወንዶች ላይ ስለታየ ያልተለመደ የሳንባ ምች ይናገራል። ከአምስቱ ሁለቱ ሞተዋል። ዛሬ ይህ ጽሑፍ ስለ ኤድስ በሕክምና መጽሔት የወጣ የመጀመሪያው ዘገባ እንደሆነ ይታወቃል።

ልብ ልንለው የሚገባን የጽሑፉን አሠራር ነው። የታየው ነገር ለብቻው ቀርቧል፤ የአርታኢያኑ አስተያየት ደግሞ «የአርታኢ ማስታወሻ» በሚል ርእስ ተለይቶ ተቀምጧል። ማስታወሻው የሰውነት የመከላከል አቅም መዳከም ሊኖር እንደሚችል ጠቆመ እንጂ «ደርሰንበታል» አላለም። ቫይረሱ የተለየው ከሁለት ዓመት በኋላ በ1983 ነበር። በየሳምንቱ የሚታተም ዘገባ ፍጥነትንና ጥንቃቄን አንድ ላይ ማስኬድ ከቻለ፣ የጊዜ እጥረት ለእኛም በቂ ምክንያት አይሆንም።

ወደ አማርኛ ሲመለስ

በአገራችን ጉዳዩ አንድ ተጨማሪ ደረጃ አለው። ሳይንሱ የሚጻፈው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ሲሆን ሕዝቡ የሚያነበው በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች ነው። ስለዚህ አርታኢው በሁለት ቋንቋ ብቻ ሳይሆን በሁለት የሰዓትና በሁለት የዘመን አቆጣጠር መካከል ይቆማል።

ክትባት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይጀመራል እንበል። በእንግሊዝኛው ጽሑፍ ሰዓቱ 8 ተብሎ ይጻፋል። ተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ ገልብጦ «8 ሰዓት» ቢል፣ ልጇን አዝላ ከሩቅ የመጣች እናት ስድስት ሰዓት ዘግይታ ትደርሳለች፤ ከታቢዎቹም ሄደው ይሆናል። የመድኃኒት የአገልግሎት ጊዜም እንዲሁ ነው። በማሸጊያው ላይ ያለውን የአውሮፓውያን ዓመት በእኛ አቆጣጠር የሚያነብ ሰው፣ ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ለተጨማሪ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት እንደሚያገለግል ሊቆጥረው ይችላል። «እ.ኤ.አ.» እና «ዓ.ም.» የሚሉት ምልክቶች ሕይወት ይጠብቃሉ ብንል ማጋነን አይሆንም።

ተቅማጥ ለያዘው ልጅ የሚሰጠውን ኦ.አር.ኤስ. እንመልከት። አንዱ ከረጢት የሚበጠበጠው በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው። በራሪ ጽሑፉ ቋንቋውን ለሕዝብ ለማቅረብ ሲል «በአንድ ሃይላንድ ውሃ በጥብጡ» ቢል ለጆሮ የሚጥም አማርኛ ይሆናል። ነገር ግን ሃይላንድ የምንለው የውሃ ፕላስቲክ ግማሽ ሊትርም፣ አንድ ሊትርም፣ ሁለት ሊትርም ይይዛል። በግማሽ ሊትር የተበጠበጠው መጠጥ ጨውና ስኳሩ እጥፍ ስለሚሆን ውሃን ከልጁ ሰውነት ወደ አንጀት ሊስብና በደሙ ውስጥ ያለውን የሶዲየም መጠን ሊያንር ይችላል። በሁለት ሊትር ከተበጠበጠ ደግሞ የጠፋውን ጨው አይተካም። ከረጢት በሌለበት ቤት ለሚዘጋጀው በ1 ሊትር ውሃ የሚገባው 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው። በኅትመት «ግማሽ» የምትለዋ ቃል ብትዘለል፣ ዓረፍተ ነገሩ የሰዋስው ስሕተት ሳይኖርበት መርዘኛ ምክር ይሆናል። ፊደል ለቃሚው ምንም ግድፈት አያገኝበትም፤ ሳይንሱን የሚያውቅ አርታኢ ግን ያገኘዋል።

የስታቲስቲክስ ቃላትም ወጥመድ አለባቸው። በእንግሊዝኛ «ሲግኒፊካንት» የተባለን ልዩነት «ከፍተኛ ልዩነት» ብሎ መመለስ ተለምዷል። ቃሉ በስታቲስቲክስ የሚያመለክተው ልዩነቱ በአጋጣሚ ብቻ ይከሰታል ብሎ ለመቀበል አዳጋች መሆኑን እንጂ የልዩነቱን ትልቅነት አይደለም። በጣም ጥቂት ልዩነት እንኳ ናሙናው ሰፊ ከሆነ «ሲግኒፊካንት» ሊባል ይችላል።

ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ፣ እያንዳንዱ የጤና ኅትመት ቁርጥ ያለ ሥልጣን ያለው መሪ አርታኢ ይኑረው። ጽሑፉ በማን ላይ የተጠና ነው? ከስንት ሰው? የትና መቼ? ከምን ጋር ተነጻጽሮ? ያልተጠናውስ ምንድን ነው? ለእነዚህ አምስት ጥያቄዎች መልስ ያልሰጠ ጽሑፍ፣ የጸሐፊው ማዕረግ ምንም ይሁን ምን፣ ወደ ማተሚያ ቤት አይሂድ። በባህላችን ለታላቅና ለመምህር የምንሰጠው አክብሮት የሚያኮራ ነው፤ ወጣት አርታኢ አንጋፋ ፕሮፌሰርን «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቁን ግን እንደ ድፍረት ልንቆጥረው አይገባም። ጥያቄው መምህሩን ከስሕተት፣ ሕዝቡን ከጉዳት ያድናል።

ሁለተኛ፣ ለሕዝብ የሚሰራጭ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት በሚያነቡት ሰዎች ይፈተን። ስለ ኦ.አር.ኤስ. የተጻፈውን ለጥቂት እናቶች ሰጥተን በፊታችን እንዲበጠብጡ ብንጠይቃቸው፣ የሃይላንዱ ስሕተት በአንድ ከሰዓት በኋላ ይገለጣል።

ሦስተኛ፣ የሳይንስ ፋኩልቲዎች ተመራቂ ተማሪዎቻቸው የመመረቂያ ጥናታቸውን በአንድ ገጽ አማርኛ ወይም በሌላ የአገር ቋንቋ እንዲጽፉና የሌላ ትምህርት ክፍል ተማሪ እንዲያርመው ያድርጉ። የባዮሎጂው ተማሪ የስታቲስቲክሱን፣ የስታቲስቲክሱ የባዮሎጂውን ሲያርም ሁለቱም ግልጽ መስሏቸው የዘለሉትን ያያሉ። ለዚህ ከመምህራን ፈቃድና ከጥቂት ሰዓታት በቀር ብዙ ወጪ አያስፈልግም።

ይህን መጽሔት የምታነቡ የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሐኪሞች፣ ተመራማሪዎች፣ ጋዜጠኞችና መምህራን ትሆናላችሁ። እስከዚያው ድረስ በእጃችሁ በገባው የጤና በራሪ ጽሑፍ ላይ አምስቱን ጥያቄዎች ሞክሯቸው። መልስ ያጣችሁለትን ጥያቄ ለአሳታሚው ጻፉለት። በእኛ መጽሔት ላይ ካገኛችሁም ለእኛው ጻፉልን፤ እርማቱን በሚቀጥለው እትም እናወጣለን።